የወይራ ጥይት ታጥቄ ገበያ የወጣሁ ቀን

ንጉሡ ወረዱ ከተባለ ወዲህ መካነ ሰላም ገበያ ላይ ከእህል ቀጥሎ የጠፋው ጥይት ነው። ድርቁ ከብቱን ፈጅቶት ለኛ አንድ ጥማድ በሬ ተርፎልን ነበር፤ ሌባ ደግሞ የማን በሬ እንደተረፈ ያውቃል። ምንሽር አለን፤ ጥይት የለንም። የት ሄደ ብትል፣ ድርቁ ሳይገባ በአክስቴ ልጅ ሠርግ የነበሩንን አራቱንም ጥይቶች ወደ ሰማይ የለቀቅኳቸው እኔ ነኝ። ወላሂ፣ እንደኔ የተኮሰ የለም፤ ሙሽራው ራሱ ተረስቶ ነበር!

አባቴ ግን አልሳቀም። "የተኮስካትን አንተው ታመጣታለህ። በሬዎቹ ከተነዱ በምን ልታርስ ነው፣ በአፍህ?"

ጥይት ሻጩ በየገበያው "በወግዲ በኩል ሽፍታ እየመጣ ነው" ይላል፤ ባለ ቁጥር ዋጋው ይወጣል። ሽፍታውን ያየ ሰው ግን የለም። ነገሩ አልጣመኝም። ላባቴ "አንዷን ባንድ ፍየል" ብሎት ነበር። ደግሞ ዓይኑ የሰው ዝናር ላይ ነው፤ ባዶነቱን አይቶ ነው ዋጋ የሚጠራው።

እኔ ምን አደረግሁ? ባዶ ቀለህ ከየልጁ ለቃቅሜ፣ ወይራ ጠርቤ ጫፍ ጫፉ ላይ ሰካሁበት። ዝናሬ ጢም አለ። እውነተኛዋ ፊት ያለችው አንዷ ብቻ ናት፣ ካጎቴ የተዋስኳት። ፍየላችንን እየጎተትኩ ወጣሁ።

ሰውዬው ዝናሬን ሲያይ ከተቀመጠበት ተነሣ። "አንተ ጎበዝ! ትሸጣለህ እንዴ?"

"ዋጋው ከጣመኝ።"

"እስቲ አንዷን ልያት።"

እጁ ወይራዎቹ ላይ ሳይደርስ ያጎቴን መዝዤ ሰጠሁት። ጆሮው ላይ ነቀነቃት። "ደህና ናት። ግን ምን ያደርጋል፣ ጥይት ረክሷል። ከከላላ እየጎረፈ ነው። አምስቱን ባንድ ፍየል ልውሰድልህ።"

"ሽፍታውሳ?"

"የምን ሽፍታ? ወሬ ነው!"

ይቺን ነበር የምጠብቅ። "አባቶቼ፣ ሰማችሁ? አምስት ባንድ ፍየል! እንካ ፍየሏን፣ አምስቱን አምጣ!"

"ገዢ ነህ እንዴ?"

"አሁን ሆንኩ።"

ገበያው ሳቀ። አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን ተክለው "ለኔ ባለፈው ስንት ነበር ያልከኝ?" አሉት። ሌላውም ተጠጋ፣ ሌላውም። ሰውዬው "መግዣና መሸጫ አንድ ነው እንዴ?" እያለ ተከራከረ፤ ሰዉ እየበዛ ሲመጣ ፍየሏን ተቀብሎ ከአምስቱ አራቱን ወረወረልኝ። ያጎቴን ከእጁ መንጭቄ ወጣሁ።

ቶሎ መስጠቱ ግን አላማረኝም። መንገዱን ሙሉ ጆሮዬ ላይ ስነቀንቃቸው ዋልኩ። ባሩድ ይሁን አሸዋ በምን ይታወቃል?

አባቴም አላመነም። አንዷን አጉርሶ "ዘወር በል" አለኝና ወደ ገደሉ ተኮሰ። ሸለቆው በሙሉ ጮኸ።

"ሦስት ቀረን" አለ። "እንዳለን ግን አገር ሰማ።" ዝናሩን ልፈታ ስል ከለከለኝ። "እሱ ካንተ እንዳይወርድ።"

በዚያ ወይራ ስጎራደድ ከረምኩ። ጎረቤቱ ሁሉ "ስንት አለህ?" ይለኛል። ምን አገባው? ለአንዱም አልነገርኩ። ሰኔ ገብቶ ስንጠምድ ሁለቱም በሬዎች ነበሩ፤ እኔም ዝናሬን እንደታጠቅኩ አረስኩ።