የሽንኩርቱ መንገድ

ትናንት፣ ከአገር ወጥተን በምንኖርባት በዚህች የወደብ ከተማ፣ ምኒልክ አደባባይ ካፌ ተቀምጬ ሳለ፣ ሻይ የሚያመላልሰው ሰውዬ በሰንሰለት የተንጠለጠለ ትሪ እያወዛወዘ አለፈ። ብርጭቆዎቹ ያጋድላሉ፤ ሻዩ ጠብ አይልም። ሰው ሁሉ አደነቀው። እኔ ሻዬን ሳልጨርስ ወጣሁ። የሚዞር ነገር ማየት አልወድም። በፊዚክስ ተመርቄ ይህን ማለቴ ያስቃል።

ሊሴ፣ ሁለተኛ ደረጃ የምማር ልጃገረድ እያለሁ ነው። ሀያት የምትባል ልጅ ከወሎ መጥታ፣ ወደ የመን የሚያሻግራትን ጀልባ እየጠበቀች ካርቲየ 1 የሚባለው ሰፈር እኛ ቤት አረፈች። ቀን ለእማ ሽንኩርት ትልጣለች፣ ማታ ከሙቀቱ ሸሽተን ጣሪያው ላይ አብረን እንተኛለን። እንድትቀር ለምኛት ነበር። አልሰማ አለችኝ።

አንድ ቀን የቤት ሥራ ይዤ መጣሁ። የእስክሪብቶ ቀፎ ውስጥ ክር አሳልፌ ከታች የበር ቁልፍ፣ ከላይ ሽንኩርት አሰርኩ። ቀፎውን ይዤ ሽንኩርቱን ሳሽከረክረው ቁልፉ ወደ ላይ ወጣ፤ ቀስ ስል ወረደ።

"ሽንኩርቱን ወደ መሃል የሚስበው ክሩ ነው" አልኳት።

"ቢለቀቅስ?"

"ገምቺ።"

"ዞሮ ይመጣላ።"

እያሽከረከርኩ ከቁልፉ በላይ ክሩን በቢላ ቆረጥኩት። ሽንኩርቱ ቀጥ ብሎ በረረና አጥሩን ተሻገረ። ከማዶ ሶማሌዋ ጎረቤታችን፣ "ቲማቲሙንም ላኩት እንጂ፣ ሽንኩርት ብቻውን ምን ያደርጋል?" አለች። ሀያት በሳቅ ወደቀች።

"አየሽ፣ ከተለቀቀ አይመለስም። ቅሪ አቦ።"

"እህቶቼን አንቺ ታስተምሪልኛለሽ? በሽንኩርት አታስፈራሪኝ።"

ወዲያው ጎረቤታችን ሽንኩርቱን ይዛ በበር ገባች። ሀያት ተቀብላ አፍንጫዬ ስር ያዘችልኝ። "ይኸው ተመለሰ።"

"ሰው መልሶት ነዋ" አልኩ ተናድጄ። እማ ወጥ ውስጥ ከተተችው።

ደላላው የጠራት ቀን እማ ዳቦና ቴምር ቋጠረችላት። ሀያት አንገቴን አቅፋ፣ "አታልቅሺ፣ ዞሮ ዞሮ ከቤት" አለችኝ። የተረቱን ቀሪ ልጨርስ አፌን ስከፍት እማ ክንዴን ቆነጠጠችኝ።

ጀልባዋ ከኦቦክ ወደብ ወጥታ ብዙ ሳትርቅ ተገለበጠች። ጀሪካን ላይ ተንጠልጥላ የተረፈች ልጅ ናት የነገረችን። ሀያትን ከዚያ በኋላ ያየ የለም።

ትናንት ከካፌው ወጥቼ እግሬ ባሕሩ ዳር አደረሰኝ። ያን ቀን ያቋረጥኩትን ተረት ልጨርሰው ፈለግኩ። "ኖሮ ኖሮ ከመሬት" ነው የሚለው። እሱም ለሀያት አልሆነላትም።