የአስቻለው እርማት

አስቻለውን መጀመሪያ ያየሁት ዕለት ስቄበታለሁ። አርብ ገበያ ከተማ ባለው ኮሌጃችን፣ አካውንቲንግ ክፍል ውስጥ፣ ነጠላውን አጣፍቶ የፊት ወንበር ላይ ቁጭ ብሏል። ቤተ ልሔም ከሚባለው የአብነት ትምህርት ቤት የዜማውን መጽሐፍ፣ ድጓን፣ ሲማር ቆይቶ አቋርጦ የመጣ ሰው ነው። መምህራችንን አቶ ወርቅነህን «የኔታ» ሲላቸው ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። እሳቸው ግን ደስ አላቸው። ማን እንዲህ ብሎ ጠርቷቸው ያውቃል?

አቶ ወርቅነህ ማስተማር የሚሉት ማንበብን ነው። ጠርዙ የተበላ ሃንድአውታቸውን ይዘው ይገባሉ፣ ያነባሉ፣ ሰዓቱ ሲያልቅ ገጹን አጥፈው ይወጣሉ። «አንድ ወፍጮ በአራት መቶ ሺህ ብር ተገዛ። ስምንት ዓመት ያገለግላል። የዓመቱ የእርጅና ቅናሽ ሃምሳ ሺህ ብር።» እንዴት ሃምሳ እንደሆነ አይጠየቅም። ከእኛ በፊት የተማሩትም ይችኑ ወፍጮ ነው ሲያስረጁ የኖሩት።

አስቻለው ያን ሁሉ ገጽ በቃሉ ያዘው። ዓይኑን ጨፍኖ፣ እየተወዛወዘ፣ ከነቁጥሩ ያወርደዋል።

«ተማሪ ማለት እሱ ነው!» ይሉናል አቶ ወርቅነህ። እኔ በቀቀኑ ነበር የምለው።

ይህን ኢንተርሚዲየት አካውንቲንግ የሚሉትን ትምህርት ሁለታችንም አንድ ጊዜ ወድቀናል፤ እኔ በስንፍና፣ እሱ በፈተናው ሰሞን ታሞ። ዘንድሮም ከወደቅን መባረር ነው። ስለዚህ የፈተናው ዕለት ንቀቴን ዋጥ አድርጌ ከበቀቀኑ ጀርባ ተቀመጥኩ። ፈተናውን ያወጣው ሌላ መምህር ነበር። ቢሆንስ? አስቻለው ይጽፋል፣ እኔ በትከሻው ላይ አሻግሬ እገለብጣለሁ። ጥያቄ ማንበብ ምን ይሠራልኛል?

ሁለታችንም ወደቅን።

ወረቀታችንን ለማየት አቶ ወርቅነህ ቢሮ ገባን። አስቻለው የጥያቄዎቹን ቁጥሮች አንድ በአንድ ሰርዞ አርሟቸዋል። «ወፍጮው አምስት ዓመት ያገለግላል» የሚለውን ስምንት አድርጎታል።

«ምነው አስቻለው?» አሉት።

«ተሳስቶ የተጻፈ መስሎኝ ነው የኔታ። እኛ ዘንድ መጽሐፍ ሲገለበጥ ፊደል ከተሳተ፣ ከመምህሩ አፍ እንደሰማነው ነው የምናርመው። እርስዎ ያሉን ስምንት ነው።»

ሳቄም ንዴቴም አንድ ላይ መጣ። «እሺ፣ አምስት ዓመት ከሆነስ ቅናሹ ስንት ይመጣል?» ብዬ አቶ ወርቅነህን ጠየቅኋቸው። ሃንድአውታቸውን ገለጥ ገለጥ ማድረግ ጀመሩ።

«ሰማንያ ሺህ ነዋ» አለ አስቻለው ወዲያው። የአጽዋማትንና የበዓላትን ቀን በባሕረ ሐሳብ ሲያወጣ ያደገ ሰው ማካፈል አይቸግረውም። «ቁጥሩ እንደሚለወጥ ነው ያልነገሩን።»

አቶ ወርቅነህ አሁንም ገጽ ይገልጣሉ። እኔ አፈርኩ፤ አንገቴን ደፋሁ። ሰማንያ ሺህ ከየት እንደመጣ ገና በሆዴ እየፈለግሁ ነበር።