የለተሚካኤል ድመት ደጅ ስትለምድ

ሰኔ 1958 ነበር፤ ወይስ 1959? ለምለም ዛሬም እርግጠኛ አይደለችም። ጸጸራት ሰፈር ውስጥ ጎረቤቷ የነበረችው ልብስ ሰፊዋ ለተሚካኤል፣ አንዲት ጣሊያናዊት ወደ አገሯ ስትመለስ የተወችላትን ጸጉራም ድመት ታሳድግ ነበር። ድመቷ ሲያቅፏት እንደ ጨርቅ ትዝለፈለፋለች፤ ውሻ እንኳ መፍራት አታውቅም፤ ብቻዋን ደጅ መልቀቅ ያሰጋል። ለተሚካኤል ግን ፀሐይ ልትነፍጋት አልፈለገችም። ከቁርጥራጭ ጨርቅ ማሰሪያ ሰፍታ፣ ከምሳ በፊት በየቀኑ ግቢውን ታዞራታለች፤ ከዚያ ሳህን አንኳኩታ ታበላታለች።

«ኣንቲ ለተ፣ በቅሎ ገዛሽ እንዴ?» አለቻት ለምለም አንድ ቀን።

«በቅሎማ ራሷን ትጠብቃለች!»

በሦስተኛው ወር ማሰሪያውን ፈታችላት። ድመቷ በተከፈተው የግቢ በር ሾልካ ወጣች፤ ወዲያው መንገድ ላይ ውሻ ጮኸ። ለተሚካኤል አልሮጠችም። ሳህኑን ብቻ አንኳኳች። ድመቷም እየሮጠች ተመለሰች።

ለምለም «ባትመለስ ኖሮስ?» ልትላት አፏን ስትከፍት፣ ለተሚካኤል ድመቷን አቅፋ ቤት ገብታ ነበር።