ከቀኙ በፊት

የልጄን የቦክስ ጓንት ላስርላት ሳነሳ፣ የላብና የቆዳ ሽታው በደርግ ጊዜ አባቴ ቦክስ ወደሚያሰለጥንበት የናዝሬት መጋዘን ይዞኝ ሄደ።

ለከተማው ሻምፒዮና የወለንጪቲው ጫኝና አውራጅ ቶላ ከቀበሌያችን አብዮት ጠባቂ ጋር ሊጋጠም ነው። አባቴ የቶላን ቅንድብ ቫዝሊን እየቀባ ሁለቱን ያነጻጽራል።

«አንተ ጉልበት አለህ፤ ግን ትቸኩላለህ። የሱ ቀኝ አጥንት ይሰብራል። ከመሰንዘሩ በፊት ግን ትንፋሹን ይስባል፤ ያኔ ጎኑን በለው። ደግሞ መምታት እንጂ መመታት አልለመደም።»

«አባዬ፣ ከሱ ጋር ተጋጥመህ ታውቃለህ?» አልኩት።

እጅጌውን ስቦ ጠባሳ ያለበትን የእጁን አንጓ ሸፈነ።

«መጋጠም እንኳ አይባልም። እጄ ታስሮ ነበር።»

እጁን ታስሮ የሚቦክስ ሰው አለ እንዴ ብዬ ገረመኝ።

ግጥሚያው ተጀምሮ ጠባቂው ትንፋሹን ሲስብ የቶላ ቡጢ ጎድኑን አገኘው። ቀጥሎ አገጩን። ደም የለበሰ ጥርስ መድረኩ ላይ ወደቀ። ሰው ሁሉ ይጮሃል፤ አባቴ ብቻ አንጓውን ጨብጦ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ድገመው፣ ድገመው» ይላል።

ልጄ ሁለት እጆቿን አንድ ላይ ገጥማ ዘረጋችልኝ።

«በየተራ አምጪ!» ብዬ ጮህኩባት።