የተቆለፉት የሰርግ ፎቶዎች

ዲላ መናኸሪያ አጠገብ ያለው የሀጅራ ፎቶ ቤት ኮምፒውተር የሰርግ ፎቶዎቹን አልከፍትም ብሎ ባለሰርጎቹ ይጮሁባታል። አንድ ሰፊ ኮት የለበሰ ሰውዬ «በነፃ ልሞክረው» ብሎ ገባ።

በራሱ ላፕቶፕ ላይ የሀጅራ ፎቶዎች የተቀመጡበትን ያንኑ ፕሮግራም ጭኖ የጫማውን ፎቶ ያስገባና ፕሮግራሙ በሚጽፈው ፋይል ውስጥ ምን እንደተለወጠ ለማየት ያፈጣል። ጫማውን አውጥቶ ኮፍያውን ያስገባል፤ ደግሞ ያፈጣል። «አሃ! የፎቶውን ስም እዚህ፣ ምስሉን እዚያ ነው የሚደብቀው!» ብሎ ብቻውን ይስቃል። ሀጅራ «ይኼስ ለይቶለታል» ብላ ሻይ አዘዘችለት።

በመጨረሻ የሀጅራንም ፋይል በዚያው መንገድ ሲፈታው ፎቶዎቹ ተዘረገፉ። ፕሮግራሙ ሰዉን በየመልኩ ለይቶት ነበርና፣ ከሙሽሮቹ ሁሉ በልጦ የበዛው የሰውዬው ፊት ሆኖ ተገኘ፤ ይርጋጨፌ ሰርግ ላይም ገደብ ሰርግ ላይም፣ ሳህን ይዞ።

«ወንድሜ፣ የሙሽሪት ዘመድ ነህ እንዴ?» አለችው።

«አጎቷ ነኝ።»

«የትኛዋ ሙሽራ?»

ኮቱን አስተካከለ። «የሁሉም። እባክሽ አንዱን አትሚልኝ፤ ሌላ ፎቶ የለኝም።»