የጉና ዳገትና የጠጠሩ ድምፅ

ልጅ ሳለሁ ተረት የምሰማው ኮፋኖዋ ከተከፈተ አሮጌ መኪና አጠገብ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ነበር። ተረት ነጋሪው አያቴ ናቸው፤ እኛ አባዬ እንላቸው ነበር። በጣሊያን ጊዜ ከአንድ መካኒክ ሥር ሆነው ሞያውን የለመዱ፣ በንጉሡ ዘመን ሲነዱ የኖሩ፣ በደርግ ጊዜ ደግሞ ደብረ ታቦር ባለው ግቢያችን ያቺን አንዲት የቤት መኪናቸውን ሲፈቱና ሲገጥሙ የሚውሉ ሰው ነበሩ። አመሻሹ ላይ ፋኖሱን ከቤንዚኑ ራቅ አድርገው ምሰሶው ላይ ይሰቅሉታል፤ የከሰሉ ፍም በር ላይ ይቀመጣል፤ ጣታቸው ሲደነዝዝ ወጣ ብለው ሞቀው ይመለሳሉ። የባሕር ዛፍ ጭስ ከጎረቤት እየመጣ ከቤንዚኑ ሽታ ጋር ይደባለቃል። 

አባዬ እንዳስረዱኝ፣ ካንዴላው እሳት የሚጭረው፣ ሞተሩ ውስጥ ሽቅብ ቁልቁል የሚመላለሰው ፒስተን ጫፍ ላይ ከመድረሱ ትንሽ ቀደም ብሎ ነው፤ ቤንዚኑ ተቀጣጥሎ እስኪገፋ ጊዜ ይፈልጋልና። እሳቱ በጣም ከቀደመ ገና በመውጣት ላይ ያለውን ፒስተን በጥፊ ይመታዋል፤ ከዘገየም ጉልበቱ በከንቱ ይቀራል። እሳቱን ለካንዴላዎቹ ከሚያከፋፍለው ከዲስትሪቢዩተሩ ጎን ደግሞ አንዲት ክብ ቆርቆሮ አለች። በቀጭን ቱቦ የሞተሩን ትንፋሽ እየሳበች፣ መኪናዋ ሳይከብዳት ስትሄድ እሳቱን ታስቀድማለች፤ ዳገት ሲመጣ ትመልሰዋለች። የእኛዋ ውስጧ ያለው ስስ ጎማ ከተቀደደ ቆይቶ ነበር፤ መለወጫ ያኔ ከየት ይምጣ! አባዬ ቱቦውን ደፍነው፣ የጎደለውን ለማካካስ ዲስትሪቢዩተሩን በእጃቸው እያዞሩ እሳቱን ያስቀድሙት ነበር። በደጉ ጊዜ ቤንዚን ይህ ያስኬድ ነበር ይላሉ። ያኔ በኩፖን የምናገኘው ግን ላምባ የተቀላቀለበት ስለነበር ያለ ጊዜው ይፈነዳል፤ ዳገት ላይ ሞተሩ ጠጠር ያለበት ጣሳ ሲነቀነቅ የሚሰማውን ድምፅ ያሰማል።

ችግሩ፣ አባዬ ያን ድምፅ አይሰሙም። የስንት ዘመን መዶሻና ሞተር ጆሯቸውን በልቶታል። ስለዚህ ጆሯቸው እኔ ነበርኩ፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ። ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው ዳገት ይዘውኝ ይሄዱና በሦስተኛ ማርሽ ነዳጁን ይረግጣሉ፤ እኔ ጆሮዬን ከፊቴ ካለው ብረት ላይ ለጥፌ አዳምጣለሁ። ጠጠሩ ካለ ተመልሰን፣ እሳቱ እንዲዘገይ ዲስትሪቢዩተሩን በፀጉር ልክ ወደ ኋላ ያዞሩታል። ተረቱንም የሚነግሩኝ በዚህ መሐል ነው፤ መኪናዋ ያለ ጠጠር ዳገቱን ሳትወጣ ግን አይጨርሱልኝም። እልኸኛ ነበሩ፤ እኔም ከእሳቸው አላንስም።

ወንድሜ ሙሉቀን አሥራ ስምንት ዓመት የሞላው በዚያው ዓመት ነው። ስሙ ለውትድርና በቀበሌ ተመዝግቧል፤ አፈሳ ሊመጣ ነው ብሎ ከተማው ሁሉ ያወራል። እናቴ ከገሳይ ወዲያ ገጠር ውስጥ አክስታችን ዘንድ ልትደብቀው ቆረጠች። አውቶቡስ ላይ ከታየ አለቀለት፤ ስለዚህ አባዬ በማግስቱ ጠዋት ሊያደርሱት ሆነ። ከሰዓት በኋላ መኪናዋን በመንገዱ ላይ ላለው ለጉና ዳገት ማሰናዳት ያዙ።

ያን ቀን የጀመሩልኝ የመልካ ጠባቂውን ተረት ነበር። ጠባቂው ወንዝ ለሚሻገር መንገደኛ ችቦ ያበራል። ቀድሞ ካበራው መንገደኛው ሳይሻገር ችቦው ያልቃል፤ ከዘገየ ደግሞ ሰውየው በጨለማ ውሃ ውስጥ ይገባል። አንድ ማታ ወንዙ ሞልቶ፣ የቀረው ችቦ አንድ ብቻ ሆኖ ሳለ፣ የገዛ ልጁ ከማዶ ሲጣራ ሰማ። አባዬ እዚህ ላይ አቆሙና መፍቻቸውን አነሡ።

ሁለት ጊዜ ወጣን፣ ሁለቴም ጠጠሩ ነበረ። በሦስተኛው ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር፤ ብርዱ አጥንቴ ድረስ ገብቶ ነበር።

«ምን ሰማሽ?» አሉኝ።

«ምንም የለም አባዬ።»

«ጨርሶ?»

«ጨርሶ። በቃ አሁን ይጨርሱልኝ።»

ነበረ። ጠጠሩ ስስ ነበር፣ የራቀ ነበር፣ ግን ነበረ። አላወቅሁም ብል በወደድኩ፤ ያ ድምፅ ፒስተን እንደሚበላ ግን ራሳቸው ነግረውኛል። አባዬ ግንባሬን ሳሙኝ፣ የዲስትሪቢዩተሩን ቡሎን አጠበቁ፣ እቤት ገብተን ከፍሙ ዳር ተረቱን ጨረሱልኝ። ሙሉቀንም ከጎኔ ቁጭ ብሎ ሰማ። «የአንቺ ጆሮ ባይኖር ምን ይውጠኝ ነበር!» ብሎ አፍንጫዬን ቆነጠጠኝ።

ጠዋት ሄዱ። ከሰዓት በኋላ አባዬ የእህል ጭነት መኪና ላይ ተሳፍረው ብቻቸውን ተመለሱ። ገሳይ ሳይደርሱ፣ ረጅሙ ዳገት ላይ፣ ሞተሩ ሰማያዊ ጭስ ተፍቶ ቀጥ አለ። ኮፋኖውን ከፍተው ሲያዩ ወታደር የጫነ መኪና ከኋላ ደረሰባቸው። ወታደሮቹ ሙሉቀንን መታወቂያ እንኳ ሳይጠይቁት ጭነው ወሰዱት። አባዬ እግራቸው ላይ ወደቁ፤ ማን ሰምቷቸው! እናቴ ይህን ስትሰማ መሬት ላይ ተቀመጠች፤ እስኪመሽ አልተነሣችም።

ከማሠልጠኛው አንድ ደብዳቤ መጣ፤ መጨረሻው ላይ «ለባለ ጆሮዋ እህቴ ሰላምታ» ይላል። ሌላ አልመጣም። መንግሥት ሲለወጥ የጎረቤት ልጆች ባዶ እግራቸውን፣ ከስተውም ቢሆን ተመለሱ። እናቴ መንገድ ዳር ስንቱን አስቁማ ጠየቀች፤ ሙሉቀንን አየሁ ያለ የለም።

ሙሉቀን በተያዘ ሰሞን፣ መኪናዋን በጭነት መኪና አስጎትተው ካመጧት በኋላ አባዬ ሞተሩን ፈቱ። አናቱ የተበሳውን ፒስተን መዳፋቸው ላይ አገላበጡት። «እሳቱን በፀጉር ልክ አብዝቼ አስቀድሜው ነው» አሉ እጃቸውን እያዩ፤ «በፀጉር ልክ! የገዛ እጄ ነው ልጁን የበላው።» አጠገባቸው ቆሜ ነበር።  ከዚያ ወዲህ መፍቻ አላነሡም፣ ተረትም አልተናገሩም። እጃቸውን እንደጠሉት ሞቱ፤ እኔም ጠጠሩን ሰምቼው እንደነበር ሳልነግራቸው ቀረሁ።

ልጆቼ ተረት ንገሪን ሲሉኝ የአባዬን ሁሉ እነግራቸዋለሁ፤ የመልካ ጠባቂውን ግን አልነግራቸውም። መጨረሻውን ረስቼው አይደለም የማልነግራቸው፤ ቃል በቃል አውቀዋለሁ። ልጁ ከማዶ ቢጣራ ቢጣራ አባትየው ችቦውን ሳይለኩስ በጆሮው ጠበቀ፤ የልጁ እግር ውሃ ሲነካ ሰማ፤ ያኔ አበራ። ልጁም ተሻገረ። አባዬ እንዲህ ብለው ሲጨርሱ ሙሉቀን ከጎኔ ነበር።