የአንድ ማንኪያ ማር ክብደት

ብስክሌቱ መቀመጫ አልነበረውም። ተሰርቆበት አይደለም፤ ከፋብሪካ ሲወጣም እንደዚያው ነበር። ቆመው የሚነዱት፣ ከድንጋይ ድንጋይ የሚዘሉበት ብስክሌት ነው። ይዞት የመጣው ወጣት ፈረንጅ አንድ ጠዋት ነሪ ወንዝ ዳር፣ ሴቶች ልብስ የሚያሰጡበት ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ዘሎ ሲወጣ አየሁት። ድንጋዩ እስከ ጉልበቴ ይደርሳል። ልጁ እግሩን ሳያወርድ እዚያው ላይ ለረጅም ጊዜ ቆመ። ልብስ አጣቢዎቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ልቤ እዚያ ድንጋይ ላይ ቀረ።

ፈረንጁ ወደ ዲመካ ሄዶ ሲመለስ ብስክሌቱ የሚኒባስ ጣሪያ ላይ ነበር። ምን እንደተጫነበት እንጃ፣ የፊት ቸርኬው እንዳይሆን ሆኖ ተጣመመ። ልጁ አባቴ ዘንድ አመጣው። አባቴ ጂንካ ውስጥ በአሮጌው የአውሮፕላን ማረፊያ ዳር ብስክሌት ይጠግን ነበር፤ አውሮፕላን በማይመጣበት ሰዓት ላሞች የሚግጡበት፣ ሣሩ ጠዋት ጠዋት ጭጋግ ለብሶ የሚተኛ ሜዳ ነው። አባቴ ቸርኬውን ዳሰሰና «ይሄ ሞቷል» አለ። ፈረንጁ አገሩ የሚገባበት ቀን ደርሶ ስለነበር ብስክሌቱን ትቶልን ሄደ።

ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ፈተና ተፈትኜ ውጤት የምጠብቅበት፣ ቀኑ የማይመሽበት ጊዜ ነው። አባቴ ከአሮጌ የልጆች ብስክሌት ላይ የብረት ቸርኬ ነቅሎ ከፊት ገጠመልኝ። ድንጋዩ ዘንድ ወሰድኩት። መሪውን ወደ ላይ ብስበው፣ ብጎትተው፣ የፊቱ ጎማ ከመሬት የሚነሳው አንድ ስንዝር ነው። እንደ ወፍጮ ድንጋይ ይከብዳል።

«አባባ፣ ቀንስልኝ» አልኩት።

«መቀነስ?» አለ። «ልጄ፣ እኔ ዘንድ ሰው የሚመጣው ላጠነክርለት ነው።»

እውነቱን ነው። እኛ ዘንድ ብስክሌት ማለት ጆንያ ተሸካሚ ነው። አባቴ ዕድሜውን በሙሉ ወፍራም ራጂ፣ የቸርኬ ሽቦ፣ ሲገጥም፣ ብረት ሲያስበይድ፣ ባጭሩ ብስክሌት ሲያከብድ ኖሯል። የኋላውን ቸርኬ አስነካሁት። ዙሪያውን ተበስቷል፤ በቀዳዳዎቹ በኩል ውስጡ የተጠመጠመው ቀይ ጨርቅ ይታያል። «ነቀዝ የበላው ነው የሚመስለው» አለና ቀዳዳዎቹን በጣቱ መቁጠር ጀመረ። የሚቆጥረው በአፍ መፍቻው፣ በአሪኛ ነበር። በአሪኛ ከቆጠረ ነገሩ ገብቶታል ማለት ነው።

በዚያ ዓመት የአባቴን ዓይን ሞራ እየጋረደው ነበር። ዘመዶቻችን ሥራውን ይተው ማለት ጀምረዋል። እሱ ግን «እጄ ያይልኛል» ይላል። ቸርኬው በደንብ ከወጣ እጁ እንደሚያይ ማንም አይከራከረውም። ይህን እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ።

ጓሯችን ውስጥ፣ የሙዙ ጥላ ሥር፣ የፊቱን ቸርኬ እንደ ኋላው ዙሪያውን በሳነው። ብረት የሚበሳውን የእጅ ትራፓኖ የማዞረው እኔ ነበርኩ። አባቴ ቸርኬውን በጉልበቱ መሃል ይዞ ቦታውን በጥፍሩ ያመለክተኛል። ቀዳዳው ሲከፈት ሥራውን ይቀበለኝና ዓይኑን ጨፍኖ ጠርዙን በቀጭን ሞረድ ያለሰልሳል። ትንሿን ጣቱን ከትቶ ያዞራል፤ እንደገና ይሞርዳል። «ጠርዙ ስለት ካለው የውስጡን ጎማ፣ ካላማዳሪውን፣ ይቆርጠዋል» ይለኛል። የብረቱ ብናኝ ቀሚሴ ላይ ያብለጨልጫል። አንዳንዴ አውሮፕላኑ ከደመናው ውስጥ ይሰማና ሁለታችንም ሥራ እናቆማለን፤ እስኪያርፍ ድረስ የት እንዳለሁ ይጠፋኛል። ሳምንት ፈጀብን። በመጨረሻ ቸርኬውን አንስቼ ሳሽከረክረው ፀሐይዋ በቀዳዳዎቹ እያለፈች የአባቴ ፊት ላይ ተርገበገበች። «አየሁት» አለ። ብርሃኑን ማለቱ ነው።

ካላማዳሪው በቀዳዳዎቹ እንዳይወጣ አባቴ ከአሮጌ ድንኳን ሸራ ቀዶ፣ ደርቦ ሰፍቶ በውስጡ አዞረበት። ከአባቴ መጠገኛ አጠገብ ማር የምትሸጥ ጎረቤታችን ዘንድ ወስደን አስመዘንነው። «ጋሼ፣ ደግሞ ጎማ በኪሎ መሸጥ ጀመርክ?» አለችው። ከበፊቱ በጣም ቀሏል። እኔ ግን አልጠገብኩም። ያ ድርብ ሸራ ዓይኔን ወጋው።

እሑድ አባቴ ጸሎት ቤት እንደሄደ ሸራውን አወጣሁ። በምትኩ ፌስታል ሸንሽኜ ጠመጠምኩበት። ፌስታል ደግሞ ምን ክብደት አለው? ብልጠቴ እኔኑ አስፈገገኝ።

ሰኞ ወንዙ ዳር ሄድን። አባቴ ዳር ላይ ቆሞ ያዳምጣል። ተንደርድሬ መሪውን ሳብኩት፤ ጎማው ባዶ እንደሆነ ነገር ተነሳ። ድንጋዩን ሲነካ አየሁት። ከዚያ ጧ አለ፤ እኔም ውኃው ውስጥ ነበርኩ። አገጬ ደምቷል።

አባቴ የጠየቀኝ ስለ አገጬ አልነበረም። ድምፁ ተለውጦ «ጠርዙ ቆረጠው?» አለኝ።

«አዎ» አልኩ።

አንድ ቃል ናት። ፌስታሉን ከምነግረው ያ ቀለለኝ። ቤት እንደገባን ካላማዳሪውን አልጋዬ ሥር ወሸቅኩት። አባቴም ሞረዶቹን በጨርቅ ጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ ከተታቸው። በማግስቱ ብስክሌት ይዘው የመጡትን «መናኸሪያው ጋ ያለው ይሥራላችሁ» እያለ መለሳቸው። በሦስተኛው ቀን ሜዳው ዳር ተቀምጦ እጆቹን ጭኑ ላይ ዘርግቶ አገኘሁት። የሌላ ሰው እጅ ይመስል ያገላብጣቸዋል። ካላማዳሪውን አመጣሁና እጁ ላይ አኖርኩለት። «አባባ፣ ሸራውን አውጥቼው ነበር። ፌስታል ነው ያደረግኩበት» አልኩት። አፈርኩ፤ እስካሁንም አፍራለሁ።

ካላማዳሪውን ከጫፍ ጫፍ ዳሰሰው። በየቀዳዳው በኩል ተነፍቶ የወጣበት እብጠት ዙሪያውን ቀርቷል። የተቀደደውን ቦታ ሲያገኝ ጣቱ ቆመ። ቅዱ ያለው እብጠቱ አናት ላይ ነው፤ የቀዳዳው ጠርዝ ያረፈበት ክብ ሙሉ ነው፣ ጭረት እንኳ የለበትም።

«አልቆረጠውም» አለ። ደጋግሞ «አልቆረጠውም፣ አልቆረጠውም» አለ። ሞራ የጋረደው ዓይኑ እንባ አቀረረ። አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ሸራውን ይዤ ማር ሻጯ ዘንድ ሄድኩና ብቻውን አስመዘንኩት። በሌላው በኩል በትልቁ ማንኪያዋ ማር አደረገችበት። አንድ ማንኪያ በቃው። የአባቴን እጅ ሦስት ቀን ሥራ ያስፈታሁት ለዚች ነው።

በሳምንቱ ሌላ ካላማዳሪ ከትተን፣ ሸራውንም መልሰን ወንዙ ዳር ወረድን። ስንቴ እንደወደቅኩ አልቆጠርኩም። አንዴ ግን ሁለቱም ጎማዎች ድንጋዩ ላይ ነበሩ፣ እኔም ከላያቸው ነበርኩ፤ ውኃው፣ ሴቶቹ፣ የተሰጣው ልብስ ሁሉ ከበታቼ ጸጥ አለ።

«ወጣሁ!» አልኩ።

አባቴ ካለበት ሳይንቀሳቀስ «እውነት?» አለኝ።

እንዲህ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም ነበር። ወረድኩና ብስክሌቱን ድንጋዩ ላይ እንዳለ በአንድ እጄ ደግፌ ጠራሁት፤ አጠገቤ ሲደርስ በሌላው የእሱን እጅ ያዝኩ። የፊት ጎማውን አስነካሁት። መዳፉ ከጎማው ወደ ድንጋዩ፣ ከድንጋዩ ወደ ጎማው ተመላለሰ።

«ወጥተሻል» አለ።